ከመሬት በታች ላለ የመሠረት ግድግዳ የሚሆን የፎም ሰሌዳ አመራረጥ

የፎም ሰሌዳ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያነበው በማሸጊያው ላይ የሰፈረውን ሙቀት የመከላከል አቅም ነው። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የተለካው በደረቅ ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ ከመሬት በታች የሚገባው ፎም ደግሞ ለአሥርት ዓመታት እርጥብ አፈር ተደግፎ ስለሚቆይ፣ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሰሌዳው ምን ያህል ውኃ ወደ ውስጡ ይስባል የሚለው ነው።

በዚህ መመዘኛ ከተለመዱት ሦስት የፎም ዓይነቶች ፖሊአይሶ የሚባለው ወዲያውኑ ይወድቃል፤ በደረቅ ቦታ ከሌሎቹ የተሻለ ቢሆንም ውኃ ስለሚመጥ በአፈር ውስጥ ሊቀበር አይገባውም። የሚቀሩት ሁለቱም ከፖሊስታይሪን የሚሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ትንንሽ ቅንጣቶች በእንፋሎት ተነፍተው የሚጣበቁበት ነጭ ሰሌዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቀልጦ በመጨመቅ ስለሚወጣ በቅንጣቶች መካከል የሚታየው ክፍተት የለውም። በዚህም ምክንያት የተጨመቀው ሰሌዳ ውኃን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ሲገዛም ውፍረቱ እኩል ከሆነው ነጭ ሰሌዳ የተሻለ ሙቀት ይከላከላል። ነገር ግን በውስጡ የታመቀው ጋዝ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ ብልጫው እየጠበበ ይሄዳል፤ ነጩ ግን የያዘው አየር በመሆኑ በዚህ ረገድ አይለወጥም። ስለዚህ ውኃው በጠጠርና በቧንቧ በደንብ በሚወገድበት ቦታ ጠንከር ያለ ነጭ ሰሌዳ ትንሽ ወፈር አድርጎ መጠቀም ይበቃል፤ አፈሩ ሸክላማ ከሆነ ወይም የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ከሆነ ግን በተጨመቀው ላይ መቆጠብ ተገቢ አይመስለኝም።

ሰሌዳው ጭነት የሚቋቋምበት ጥንካሬ በኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ) ይገለጻል። ውኃ ያልቋጠረ አፈር በ3 ሜትር ጥልቀት ወደ ጎን የሚገፋው በአብዛኛው 30 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ለሰሌዳው ጥንካሬ የተጻፈው ቁጥር ለአጭር ጊዜ ጭነት ስለሆነና ዘላቂው አቅም ወደ ሲሶው ስለሚወርድ፣ ለግድግዳ 100 ኪሎፓስካል ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ሦስት እጥፉን መግዛት ግን ለወለል ሥር ሊሆን ቢችልም ለግድግዳ ትርፍ ወጪ ነው።

ፎሙ ራሱ ውኃ ያግዳል የሚል ሻጭ ቢያጋጥም መስማት አያስፈልግም፤ ውኃ በመጋጠሚያዎቹ ስለሚገባ የውኃ መከላከያው ቅብ አስቀድሞ በግድግዳው ላይ መዋል አለበት። ቅቡም በውኃ የተበጠበጠ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ቤንዚንና ቲነር ፖሊስታይሪንን ያሟሙታል፣ የጋለ ሬንጅም ያቀልጠዋል። በመጨረሻም ከመሬት በላይ ብቅ የሚለው የሰሌዳው ጫፍ በፀሐይ ስለሚሻክርና ስለሚፈረፈር፣ አፈሩ ከመመለሱ በፊት በልስን ወይም በሌላ ጠንካራ መሸፈኛ መከለል ይኖርበታል።