ቀንዱን ብቻ አይቶ መፍረድ፦ ስለ ባለቀንድ ዳይኖሰሮች የሚደጋገሙ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1887 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አካባቢ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ከመሬት ወጡ። ቅሪቱ የደረሰው ኦትኒየል ማርሽ በዘመኑ አሉ ከሚባሉት የዳይኖሰር ሊቃውንት አንዱ ነበር። ቀንዶቹን አየና የጠፋ ትልቅ ጎሽ ነው ብሎ ደመደመ። የጎሽ ስምም አወጣለት። ብዙም ሳይቆይ ከዋዮሚንግ የተሻለ የራስ ቅል መጣለት፤ እንስሳው ዳይኖሰር መሆኑም ታየ። እ.ኤ.አ. በ1889 ትራይሴራቶፕስ የሚለውን ስም የሰጠው ያኔ ነው።

ስለ ባለቀንድ ዳይኖሰሮች የሚነገሩ ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ይነሳሉ። ቀንድ ዓይን ይስባል። ዘር ለመለየት ግን በጣም የሚያሳስተው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ቀንድ ያለውን ዳይኖሰር ሁሉ አንድ ወገን ማድረግ ነው። የአርጀንቲናው ካርኖታውረስ ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ቀንድ ነበረው። ነገር ግን ሥጋ በል ነው፤ ለትራይሴራቶፕስ ሳይሆን ለቲራኖሳውረስ ይቀርባል። በተቃራኒው ደግሞ ከ158 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በቻይና ሺንጂያንግ የኖረው ይንሎንግ ቀንድ የሚባል ነገር አልነበረውም። በሁለት እግሩ የሚሄድ ትንሽ ዳይኖሰር ነበር። ያም ሆኖ ሴራቶፕሲያን ከሚባለው የትራይሴራቶፕስ ወገን ጥንታዊ አባላት አንዱ ነው። ታዲያ ምልክቱ ምንድን ነው? የአፉ ጫፍ ነው። ሴራቶፕሲያን የሚባሉት ሁሉ በላይኛው ምንቃራቸው ጫፍ ላይ ሮስትራል የሚባል አጥንት አላቸው። ይህ አጥንት በሌላ እንስሳ የለም። ስለዚህ ሥዕል ስታዩ መጀመሪያ ምንቃሩን፣ ከዚያ ወደ ጎን የወጡትን ጉንጮች ተመልከቱ።

ሁለተኛው ስህተት በተለይ በልጆች መጻሕፍት ላይ ይታያል። ከዚሁ ወገን የሆኑት ሦስት ዳይኖሰሮች፣ ሲታኮሳውረስ አያት፣ ፕሮቶሴራቶፕስ አባት፣ ትራይሴራቶፕስ ልጅ ተደርገው ይደረደራሉ። ለዓይን ደስ ይላል፤ ግን አይሠራም። ሲታኮሳውረስ በእጁ ላይ አራት ጣት ብቻ ነበረው፤ ትራይሴራቶፕስ ግን አምስት። አንዴ የጠፋ ጣት ተመልሶ በቀለ ካላልን በቀር አያትነቱ አያስኬድም። የፕሮቶሴራቶፕስ ችግር ደግሞ ዘመኑ ነው። በጎቢ በረሃ የኖረው ከ75 እስከ 71 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ አካባቢ ነው። በካናዳ አልበርታ ደግሞ በተቀራረበ ዘመን ሴንትሮሳውረስን የመሳሰሉ ትልልቅ ባለቀንዶች በመንጋ ይሄዱ ነበር። ከዚያም በፊት፣ ከ90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በኒው ሜክሲኮ ዙኒሴራቶፕስ ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ቀንድ አብቅሎ ነበር። (ቅሪቱን እ.ኤ.አ. በ1996 ያገኘው የ8 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ተመራማሪ ነበር።) ስለዚህ ፕሮቶሴራቶፕስን የትራይሴራቶፕስ የሩቅ ዘመድ እንበለው እንጂ አባቱ አንበለው።

የሚቀጥለው ስህተት ትንሽ ያነበበ ሰው የሚሠራው ነው። ትልልቆቹ ባለቀንዶች ሁለት ቅርንጫፍ አላቸው፤ ሴንትሮሳውሪንና ካዝሞሳውሪን። በቃል የሚያዘውም ሕግ እንዲህ ይላል፦ አፍንጫው ላይ ትልቅ ቀንድ ካለው ሴንትሮሳውሪን፣ ከዓይኑ በላይ ረጅም ቀንድ ካለው ካዝሞሳውሪን። ለብዙዎቹ ይሠራል። የአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ሲደርስ ግን ይፈርሳል። እዚያ የተገኙት ዲያብሎሴራቶፕስና ናሱቶሴራቶፕስ ከዓይናቸው በላይ ረጅም ቀንድ አላቸው፤ ሆኖም ሴንትሮሳውሪን ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዙኒሴራቶፕስም ረጅም ቀንድ ነበረው። ረጅሙ ቀንድ የጥንት ውርስ ነው፤ በሴንትሮሳውሪን ቅርንጫፍ ኋላ ላይ አጠረ። ፓኪራይኖሳውረስ ጋ ሲደርስማ የአፍንጫው ቀንድ ራሱ ቀርቶ ወፍራም የአጥንት ጉብታ ሆነ። ባለሙያዎች ከቀንዱ በላይ የሚያተኩሩት ከራስ ቅሉ ጀርባ በተዘረጋው የአጥንት አንገትጌ ላይ ነው። የጎን አጥንቱ አጭር ነው ወይስ ወደ ኋላ የረዘመ? ጠርዙ ላይ ያሉት ጉጦችና እሾሆች እንዴት ተሰልፈዋል? እዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል።

ከአውራሪስ ጋር ማዛመድም በሰፊው አለ። አውራሪስ አጥቢ ነው፤ ቀንዱ ውስጥ አጥንት የለም። የትራይሴራቶፕስ ቀንድ አሠራሩ እንደ በሬ ነው፤ ውስጡ አጥንት፣ ላዩ ሽፋን። የቀንድ ዋንጫ ስንሠራ ሽፋኑን አስቀርተን አጥንቱን እንጥላለን። በመሬት ውስጥ የሆነው ግልባጩ ነው፤ ሽፋኑ በሰበሰና አጥንቱ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። በሙዚየም የምናየው 1 ሜትር የሚደርስ ቀንድ እንግዲህ ውስጡ ብቻ ነው። በሕይወት ሳለ ከዚያ ይረዝም ነበር።

ትራይሴራቶፕስን ከስቴጎሳውረስ ጋር አንድ ሜዳ ላይ መሳልም ልክ አይደለም። በመካከላቸው 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አለ።

ዕድሜን መርሳት ግን ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደረሰ ስህተት ነው። የትራይሴራቶፕስ ጫጩት ቀንድ ጉጥ ብቻ ነው። ሲጎረምስ ወደ ኋላ ይቆለመማል፤ ሲጎለምስ ዞሮ ወደ ፊት ያመለክታል። ይህ ሳይታወቅ በፊት የቀንድ ልዩነት በታየ ቁጥር አዲስ ዝርያ ይሰየም ነበር። ስሞቹ ከአሥር አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ወደ ሁለት አወረዳቸው፤ ሆሪደስና ፕሮርሰስ። ሁለቱ ደግሞ በአሜሪካ ሞንታና፣ ሄል ክሪክ በሚባለው የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ አንድ ላይ አይገኙም። ሆሪደስ ከታችኛው፣ ማለትም ከቀደመው ክፍል፣ ፕሮርሰስ ከላይኛው ይወጣል። ይህንን ያዩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 አንዱ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ሳይለወጥ አልቀረም ብለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች ቶሮሳውረስ የሚባለው ሌላ ባለቀንድ ዳይኖሰር ያረጀ ትራይሴራቶፕስ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሌሎች አልተቀበሉትም፤ ክርክሩ ቀጥሏል። ወሬው ወደ ሕዝብ ሲደርስ ግን «ትራይሴራቶፕስ የሚባል ዳይኖሰር አልነበረም» ሆነ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በስያሜ ሕግ ቀድሞ የወጣው ስም ይጸናል። ትራይሴራቶፕስ የተሰየመው በ1889፣ ቶሮሳውረስ በ1891 ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ቢባል እንኳ የሚሰረዘው ቶሮሳውረስ ነው።