ሒሳብ ክፍል ውስጥ "ጻፉ" ስንል የምናበላሻቸው ነገሮች (እኔም ጭምር)

ሰሞኑን አንድ አዲስ የሒሳብ አስተማሪ "ተማሪዎቼን የሒሳብ ሐሳባቸውን በቃላት አጻፍኳቸው፣ ምንም አልጠቀመም" አለኝ። ወረቀቶቹን ሳያቸው እኔ ከዓመታት በፊት የሰራሁትን ጥፋት አንድ ባንድ ደግሞታል። ደሴ ላይ ዘጠነኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለኝ፣ ስለዚህ "ያንተ ክፍል ትንሽ ስለሆነ ነው" እንዳትሉኝ።

"ሒሳብ ላይ ደግሞ የምን ድርሰት" ለምትሉ፣ የሒሳብ ሊቁ አል ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን አልጀብራን ሲጽፍ ሙሉውን በቃላት ነው የጻፈው፣ ኤክስ የለ ምን የለ። የእኩል ይሆናል ምልክት ራሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1557 ነው፣ ሮበርት ሪኮርድ የሚባል ሰው "እኩል ነው እኩል ነው" እያለ መጻፍ ሰልችቶት።

አንደኛው ስህተት "እንዴት ሰራኸው" ብሎ ማቆም ነው። ልጁ ስቴፑን ይዘረዝርልሃል፣ አለቀ። ኤክስ + 5 = 12 ላይ "5ን ወዲያ ሳሻግረው ምልክቱ ተቀየረ" ይላል። ለምን ተቀየረ በሉት እስኪ። አንዱ ምን ብሎ ጻፈልኝ መሰላችሁ፣ "ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ ጃኬት ይወልቃል፣ እንደዛ ነው።" በሳቅ ልሞት ነበር፤ ግን ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ "ሲሻገር ይቀየራል" ብለን ያስሸመደድነው እኛው ነን። ከሁለቱም ወገን 5 እንደተቀነሰ የጻፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

"ዛሬ ምን ገባህ" ብሎ መጠየቅም አይሰራም፣ መልሱ "ሁሉም ገብቶኛል ቲቸር" ነው። ይልቅ የተበላሸ ሥራ ስጧቸው። ½ + ⅓ = ⅖ ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉና "ይሄን ለሰራ ጓደኛህ ምን ትለዋለህ" በሉ። ⅖ እኮ ከግማሽ ያንሳል፣ ግማሽ ዳቦ ላይ ጨምረህ እንዴት ከግማሽ ያነሰ ዳቦ ይኖርሃል ብሎ የሚጽፍ ልጅ አይጠፋም።

የቤት ሥራ አታድርጉት። አንዱ ጽፎ ሰላሳው ይገለብጣል።

አሁን ወደሚያናድደኝ። ቀይ እስክሪብቶ! አቦ ተውት! ታች ክፍል በአማርኛ ተምሮ የመጣ ልጅ ዘጠነኛ ላይ ሒሳቡ እንግሊዝኛ ይሆንበታል፣ በዛ ላይ "ሐሳብህን በእንግሊዝኛ ግለጽ" ስትለው ያሰበውን ትቶ ስፔሊንጉን የሚችለውን ብቻ ይጽፍልሃል። እኔ የሰራሁትን ልንገራችሁ። ባቲ ሰኞ ገበያ 5000 ብር የነበረች ፍየል 20 በመቶ ጨመረች፣ ከዛ 20 በመቶ ቀነሰች፣ ወደ ዋጋዋ ተመለሰች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ ከሞላ ጎደል አዎ አለ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ የመጀመሪያው 20 የ5000 ነው ሁለተኛው 20 የ6000 ነው፣ ስሙ አንድ ነው እንጂ ብሩ አንድ አይደለም፣ ስለዚህ 4800 ነው ብላ ጻፈች። ስሙ አንድ ነው እንጂ ብሩ አንድ አይደለም! እኔ በስንት ዓመቴ እንዲህ አሳጥሬ አስረድቼ አላውቅም። እና ምን አደረግኩ? ግሱን ከበብኩ፣ ስፔሊንጉን ከበብኩ፣ ወረቀቷን በርበሬ አስመስዬ መለስኩላት። በሚቀጥለው ሳምንት የጻፈችው አንድ መስመር ነበር፣ መልሱ ይሄ ነው፣ በቃ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከዛ በላይ አላገኘሁባትም።

አሁን በአማርኛ ጻፉ እላለሁ፣ ኦሮምኛ የሚቀለውም በኦሮምኛ ይጻፍ፣ ጓደኛው ያነብልኛል። ኮኤፊሸንት፣ ፋክተር ምናምን የሚሉትን ስሞች ብቻ በእንግሊዝኛ ያስቀምጧቸው፣ ለፈተና ያስፈልጓቸዋል።

ማርክም አትስጡበት፣ ማርክ ካለው አንተ መስማት የምትፈልገውን ነው የሚጽፉት።

ሌላው፣ 60 ወረቀት ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ መክተት። አብሽሩ፣ ሁሉም በየቀኑ ይነበብ አላልኩም፤ አንድ ሉክ ለአራት ይቀደዳል፣ አምስት ደቂቃ፣ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር፣ እኔ ተራ በተራ አስራ አምስቱን አነባለሁ። ካላነበባችሁ ግን ልጆቹ ቶሎ ነው የሚነቁት። አንዱ ገና ስጀምር መሐል ላይ "ቲቸር ይሄን ካነበቡት ሻይ እጋብዝዎታለሁ" ብሎ ሸጉጦልኝ ነበር፣ የደረስኩበት ከወር በኋላ ነው። ሻዩስ ብለው፣ "ጊዜው አልፏል ቲቸር" አለኝ።