የሆሜር «ወይን» ባሕር፦ ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ሆሜር ባሕሩን «ኦይኖፕስ» ይለዋል። «ኦይኖስ» ወይን ነው፤ «ኦፕስ» ደግሞ ፊት፣ ዓይን፣ መልክ። ቃሉ በሁለቱ ረጃጅም ግጥሞቹ፣ በኢሊያድም በኦዲሴይም፣ ደጋግሞ ይመጣል። አንባቢም ደጋግሞ ይሳሳትበታል።

«ግሪኮች ሰማያዊ አይታያቸውም ነበር» ማለት። ሶሻል ሚዲያ ላይ በየጊዜው የሚነሳ ወሬ ነው። ሥሩ ግን የቆየ ነው። ኋላ አራት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ግላድስተን፣ እ.ኤ.አ. በ1858 ባሳተመው ሥራ፣ በሆሜር ዘመን የሰው ቀለም የመለየት አቅም ገና አልዳበረም ብሎ ነበር። እሺ፣ እኛስ? «ቀይ ልጅ ናት» ስንል ቲማቲም መሰለች ማለታችን ነው? ይህን የሰማ የውጭ ሰው «ሀበሾች ቀይ አይለዩም» ብሎ መጽሐፍ ቢጽፍ በሳቅ እንሞታለን።

ለባሕሩ ሳይንሳዊ ሰበብ መፈለግ። አልጌ ነው፣ የማታ ጀንበር ነው፣ ወይኑ የተበረዘበት ውሃ ነው... ያልተባለ የለም። ችግሩ ሆሜር በሬዎችንም በዚሁ ቃል መጥራቱ ነው። በኢሊያድ 13ኛው መጽሐፍ አያክስ የሚባሉ ሁለት የግሪክ ጀግኖች ጎን ለጎን ሲዋጉ፣ ከቀንዳቸው ሥር ላብ እየፈለቀ በአንድ ቀንበር የሚያርሱ ሁለት «ኦይኖፕስ» በሬዎችን ይመስላሉ። በሬዎቹንም አልጌ ወረራቸው እንበል?

«ስንኝ መሙያ ነው» ብሎ ማለፍ። ይሄኛው የተማረ ሰው ስህተት ነው። የሆሜር ተመራማሪው ሚልማን ፓሪ እ.ኤ.አ. በ1928 ባቀረበው ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ቅጽሎች ለስንኙ ልክ የተሰፉ ዝግጁ ሐረጎች መሆናቸውን አሳይቷል። «ኤፒ ኦይኖፓ ፖንቶን» («በኦይኖፕስ ባሕር ላይ») የስንኝ መጨረሻ ላይ ጥብቅ ብሎ ይገባል። እውነት ነው። ቢሆንም ኢሊያድ 23ን ክፈቱ። የጀግናው የአኪሌስ ጓደኛ ፓትሮክሎስ ሞቷል፣ አስከሬኑ የሚቃጠልበት እንጨት ተከምሯል። አኪሌስ ለአገሩ ወንዝ ለስፔርኬዮስ ያሳደገውን ጸጉር ይቆርጣል። አባቱ ተስሎለት ነበር፤ በሰላም ሲመለስ ጸጉሩን ለወንዙ ሊሰጥ። አሁን እንደማይመለስ ያውቃል። «ኦይኖፕስ» ባሕሩን አሻግሮ እያየ ወንዙን ያናግራል፤ ከዚያ ጸጉሩን በሟች ጓደኛው እጅ ላይ ያኖራል። ሐረጉ ከድሮ ጀምሮ ዝግጁ ቢሆንም፣ እዚህ ቦታ ላይ በእርሱና በአገሩ መካከል የተዘረጋው ውሃ ስም ሆኗል። መሙያ ብሎ መዝለል ይከብደኛል።

«ወይን ጠጅ» ብሎ መተርጎም። በአማርኛ ወይን ጠጅ ራሱን የቻለ የቀለም ስም ነው፤ የመጋረጃና የሹራብ ቀለም። «ወይን ጠጅ ባሕር» ስንል አንባቢው ቀለም ብቻ ያያል፣ መጠጡ ይጠፋል። የተለመደው የእንግሊዝኛ ትርጉም ደግሞ ግሪኩ ውስጥ የሌለ «ጨለማ» ጨምሮበታል። እኔን ብትጠይቁኝ «መልከ ወይን» ይሻላል፤ «መልከ መልካም» እንደምንለው። መልክ ፊትም ነው፣ ገጽታም።

ሆሜር ላይ ማቆም። የግሪኩ ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክሊስ ከዚሁ ቃል የወጣውን ቅጽል ለሐረግ ተክል ይጠቀምበታል። ሌላው ጸሐፌ ተውኔት ዩሪፒዲስ ለወይን አምላክ ለዲዮኒሶስ ጉንጭ ይሰጠዋል፤ አምላኩ ተይዞ ሲታሰር ጉንጩ አልገረጣም ይላል ወታደሩ። አየርላንዳዊው ደራሲ ጆይስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1922 በታተመው ዩሊሲስ በተባለው ልብ ወለዱ መጀመሪያ ላይ፣ አንዱ ገጸ ባሕርይ የደብሊንን ባሕር «ንፍጥ አረንጓዴ» ካለ በኋላ የሆሜርን ሐረግ በግሪክኛ እንዲወርደው ያደርጋል። ሐረጉን የማያውቅ አንባቢ ቀልዱ ያመልጠዋል።