የአረቄ ቅምሻ ስታዘጋጁ መለኪያዋን ተዉት

አክስቴ ደብረ ብርሃን ላይ አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችኝ። ዛሬ ሥራዬ የሆቴልና የባር ሠራተኞችን ስለ መጠጥ ማስተማር ነው። በቅርቡ አንድ ሰው አረቄ በቆንጆ ጠርሙስ አሽጎ ሊሸጥ አስቦ «ለእንግዶቼ የቅምሻ ፕሮግራም አውጪልኝ» አለኝ። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

መለኪያዋ ትቅር። እሷ የምትሆነው ላፍ አድርጎ ለመጨለጥ ነው፤ ሽታ አትይዝም። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ፈልጉ። በአንድ ብርጭቆ 15 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ከአራት ዓይነትም አይለፍ። አንድ ጊዜ የተጋበዝኩበት ቦታ ስድስት ዓይነት እስከ አፉ እየሞሉ ቀዱልን። ሦስተኛው ላይ አዳራሹ ጫጫታ በጫጫታ ሆነ። ስለ አሠራሩ የምታስረዳውን ልጅ የሰማት የለም። በደንብ ተዘጋጅታ ነበር፤ እስካሁን ታሳዝነኛለች።

በዚያን ዕለት ዕጣን አይጨስ፣ ቡናም አይቆላ። አስተናጋጆች ሽቶ አይቀቡ። ቡናው መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ከመቅዳታችሁ በፊት ጌሾውን፣ ብቅሉንና እህሉን በሳህን አቅርቡ። እንግዳው ይንካው፣ ያሽትተው፣ ብቅሉን ያኝከው። ከዚያ ድፍድፉ እንዴት እንደሚጣድ፣ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ እንዴት ጠብ ጠብ እንደሚል ንገሩት። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ቅደም ተከተሉ ተራ፣ ዳግም፣ የማር አረቄ ይሁን። አራተኛው የስኮትላንድ ዊስኪ ነው። እሱ በሕግ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል ይቀመጣል፤ ቀለሙን የሚሰጠው እንጨቱ እንደሆነ እንግዳው በዓይኑ ያያል። ኮሶ አረቄ በጣም እወዳለሁ፤ ምሬቱ ግን ምላስ ላይ ስለሚቆይ ለሌላ ቀን ይሁን።

ዳግም ላይ ቆዩ። ሁለት ጊዜ የወጣ ነው፣ አልኮሉ 45 በመቶ ግድም ይደርሳል። አንድ ጠብታ መዳፋቸው ላይ ጣሉና ሁለቱን እጃቸውን ይሹ። አልኮሉ ተንኖ ሲያልቅ መዳፍ ላይ የሚቀረው የእህሉና የጭሱ ሽታ ነው። አክስቴ ደንበኛ ሲጠራጠርባት እንዲህ ታሸትተው ነበር። ቀጥሎ ብርጭቆው ላይ ትንሽ ውሃ ጨምሩ፤ ማቃጠሉ ይቀንስና ሽታው ጎልቶ ይመጣል። የስኮትላንድ ዊስኪ ቀማሚዎችም አልኮሉ ወደ 20 በመቶ እስኪወርድ በውሃ አቅጥነው ነው የሚያሸቱት።

«ቫኒላ ይሸታችኋል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ዝም በሉና ጠብቁ። «የተቆላ ገብስ»፣ «አብሽ»፣ «የእናቴ ማድቤት» የሚል ይመጣል። እሱን ወረቀት ላይ ጻፉት። የምርቱ መግለጫ ከዚያ ይውጣ፤ ከውጭ ጠርሙስ ጀርባ አትቅዱ።

ሜታኖል የሚባለውን መርዛማ አልኮል ምላስ አይለየውም። የላቦራቶሪ ውጤት ሳላይ እኔ ፕሮግራም አልጀምርም፤ እናንተም አትጀምሩ። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው አይገባም። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ብዙ ውሃና መትፊያ ዕቃ ይኑር። መኪና ይዞ የመጣ ካለ የሚያደርሰው ሰው ቀድሞ ይታወቅ።

አረቄውን ያወጣችውን ሴት ጥሯት። ጓዳ ሳይሆን ፊት ለፊት አስቀምጧት፣ የአሠልጣኝ ሒሳብ ክፈሏት። እንግዶቹ ጥያቄ ሲያነሱ ማይኩን ለእሷ ስጧት።