ከአሮጌ የሀበሻ ቀሚስ የጋራ ኩዊልት እንዴት ይሠራል?

የሀበሻ ቀሚስ አይጣልም። እድፉ አልለቅ ቢል፣ ወገቡ ቢጠብ፣ ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። እኔ በምኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እንዲህ ያለ ሻንጣ ቤቷ የሌላት ሀበሻ አላውቅም። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ሻንጣ ከፍታችሁ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር አንድ ኩዊልት እንዴት እንደምትሠሩ ነው።

ኩዊልት ሦስት ድርብ ያለው የአልጋ ልብስ ነው። ላዩ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ሥሩ ገበር። ሦስቱ በስፌት ይያያዛሉ። እዚህ አሜሪካ የኩዊልት ሰፊዎች በየሰፈሩ ማኅበር አላቸው። እኔም የአንዱ አባል ነኝ። በወር አንዴ እንሰበሰባለን። ከሁሉ የምወደው እያንዳንዷ የሠራችውን ይዛ ተነሥታ የምታሳይበትን ሰዓት ነው። ያለቀም ያላለቀም ይታያል፣ ጥያቄ ይጠየቃል፣ ይጨበጨባል።

ማኅበሩ ውስጥ ወዲያው የገባኝ ሥራ የእጣው ነበር። እቁብ በሉት። ሁሉም በተባለው ልክና ቀለም አንድ አንድ ካሬ ሰፍተው ያመጣሉ፣ እጣ ይወጣል፣ የደረሳት ሁሉንም ጠቅልላ ትወስዳለች። ሌላም አለ። አንዷ መሃሉን ሰፍታ ለሚቀጥለዋ ትሰጣለች፣ ያቺ ዙሪያውን ጨምራ ታሳልፋለች፣ እየዞረ መጨረሻ ላይ ወደ ጀማሪዋ ይመለሳል። ይኼኛው ያምራል፤ ግን ለአዲስ ቡድን አልመክረውም። በየእጁ ልኩ እየተዛባ ይሄዳል።

የጋራ ኩዊልት እዚህ አገር የቆየ ነገር ነው። ከእኛ ብዙም በማትርቀው ባልቲሞር፣ በፈረንጆች 1840ዎቹና 50ዎቹ፣ ሴቶች የየራሳቸውን ካሬ እየሰፉ፣ አንዳንዶቹም ስማቸውን እየጻፉበት፣ አንድ ላይ ገጥመው ስጦታ ይሰጡ ነበር። በ1987 ደግሞ በኤድስ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ የተሰፋው ኩዊልት ዋሽንግተን፣ ናሽናል ሞል ላይ ሲዘረጋ 1,920 ቁራጭ ነበረው። እያንዳንዱ 3 ጫማ በ6 ጫማ። ሰፊዎቹ አብዛኞቹ አይተዋወቁም፤ የሚኖሩትም በተለያየ ከተማ ነው። ልኩ አንድ ስለነበረ ብቻ ተገጣጠመ። ስለዚህ ቀለሙንና ጌጡን ለየሰው ተዉት። ልኩ ላይ ግን ድርድር የለም።

ልኩ

ኩዊልቱ ለማን እንደሆነ መጀመሪያ ወስኑ። ለአራስ ሕፃን ከሆነ 9 ካሬ፣ ሦስት በሦስት፣ ይበቃል። ለትልቅ ሰው 20 ካሬ፣ አራት በአምስት፣ አድርጉት። አንዱ ካሬ ተሰፍቶ ሲያልቅ 12 ኢንች ቢሆን፣ ሀያው ሲገጠም 48 በ60 ኢንች ይወጣዋል። ሶፋ ላይ ለመደረብ ልክ ነው።

አሜሪካኖቹ በየጎኑ ለስፌት የሚተዉት ሩብ ኢንች ነው። ለሱቅ ጥጥ ይሠራል፤ ለሸማ ግን አይበቃም። ሸማ ሳሳ ብሎ ስለሚሠራ ጫፉ ይተረተራል። እኛ ግማሽ ኢንች እንተዋለን። ስለዚህ ካሬው ሲቆረጥ 13 ኢንች ነው። ከሱቅ ጨርቅ የምትሰፋም ካለች እሷም 13 ትቁረጥ። ሁሉም በአንድ ማስመሪያ ይለካ። ሜትርና ሜትር ይለያያል፤ የጨርቅ ሜትር ደግሞ ሲያረጅ ይረዝማል።

ሸማውን ማዘጋጀት

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። መጀመሪያ ይታጠብ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ለየብቻ። የሚሰበሰበው አሁኑኑ ይሰብሰብ። የጥበቡ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥበቡ ላይ ጫን አድርጉበት። ነጩ ከቀለመ ያንን ጥበብ ከነጭ ሸማ አጠገብ አታድርጉት። የሚያብለጨልጭ ክር ካለበት ካውያውን አብርዱ፣ በላዩም ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ተኩሱ። በቀጥታ ከተተኮሰ ይኮማተራል።

ቀጥሎ ቀጥ ያለውን መስመር ፈልጉ። ሸማ ሲለበስና ሲታጠብ ይንጋደዳል፤ በዓይን ቆርጣችሁ ቀጥ አይልላችሁም። ከጫፉ በመርፌ አንድ ክር ያዙና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጨርቁ ይሸበሸባል፣ አትደንግጡ፣ እያለሰለሳችሁ ሳቡ። ክሩ ወጥቶ ሲያልቅ በቦታው እንደ ፀጉር የቀጠነ ክፍተት ይቀራል። መቁረጫችሁ እሱ ነው። ሸማኔው ያስቀመጠውን መስመር ከተከተላችሁ ካሬው በኋላ አይጠመምም።

ግን ወዲያው አትቁረጡ። በጀርባው በካውያ ሙቀት የሚለጠፍ ስስ ገበር ለጥፉበት፣ ከዚያ ቁረጡ። ቀድማችሁ ከቆረጣችሁ ጫፉ እጃችሁ ላይ ይበተናል።

ከመካከላችን አንዲት እናት የሠርጋቸውን ነጠላ ይዘው መጥተው ነበር። ማናችንም መቀስ ለማንሳት አልደፈርንም። «አምጡት፣ መጀመሪያ የምቆርጠው እኔ ነኝ» አሉና ጥበቡን ከዳር እስከ ዳር ለዩት። ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይኸው ነው፦ የሰው ጨርቅ ላይ የመጀመሪያውን መቀስ የሚያሳርፈው ባለቤቱ ነው። እናንተም ያዙት። ባለቤቷ የማትገኝ ከሆነች ፈቃዷን በስልክ ጠይቁ።

ሥራ መከፋፈልና መግጠም

ለእያንዳንዷ በፖስታ ስጡ፦ ገበር ተለጥፎበት 13 ኢንች የተቆረጠ ጨርቅ፣ ክር፣ የመመለሻው ቀን የተጻፈበት ወረቀት። ቀኑ ከፋሲካና ከአዲስ ዓመት ሳምንት ይራቅ። በዶሮ ወጥ ሰሞን መርፌ የሚይዝ የለም። በካሬው ላይ ጥልፍ ትጥለፍበት፣ ጥበብ ትስፋበት፣ የልጇን ስም ትጻፍበት፣ የሷ ፈንታ ነው። መስፋት የማትችልም ቦታ አላት። መተኮስ፣ ክር መሳብ፣ መለካት ሁሉ ሥራ ነው።

ካሬዎቹ ሲመለሱ አንድ ሰው ይለካቸው። ያነሰ ካለ ዙሪያውን ቀጭን ጨርቅ ጨምራችሁ ሙሉት። ስፌቱን ፈትታችሁ እንደገና አትስፉት። የሰው እጅ አይፈታም፤ ሴትየዋ ሁለተኛ ላትመጣ ትችላለች።

ወለል ላይ ዘርጓቸው። በስልክ ፎቶ አንሡና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ደማቁና ፈዛዛው ወዲያው ይታያችኋል፣ አንድ ጥግ ላይ የተከማቸውን በትኑት። ከዚያ ረድፍ በረድፍ ስፉ፣ በኋላ ረድፎቹን አገጣጥሙ። የስፌቱን ትርፍ ወዲህና ወዲያ ከፍታችሁ ተኩሱት፣ አለዚያ ሸማው ይወፍራል።

የሥሩ ገበር ከላዩ በየጎኑ አራት ኢንች ይብለጥ። መሃል የሚገባው ጥጥ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ በስንት ኢንች ርቀት መሰፋት እንዳለበት ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። አሮጌ ጋቢም ይሆናል። ጋቢ ግን አራት ድርብ ስለሆነ እንዳለ ከገባ፣ በተለይ ሲታጠብ፣ ይከብዳል። ዳሩን ፈትታችሁ ሁለቱን ድርብ ብቻ ተጠቀሙ። ሦስቱን ደራርባችሁ ከመሃል ወደ ዳር በመርፌ ቁልፍ ያዙ፣ ወይም በሰፊው ወስውሱ።

ማያያዣው ስፌት በመኪናም በእጅም ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ቋጠሮ ይሻላል። ወፍራም የጥጥ ክር ከላይ አስገብታችሁ በሥር አውጡ፣ ከጎኑ መልሱ፣ ሁለት ጊዜ አጥብቃችሁ ቋጥሩ። በየአራት ኢንቹ እንዲህ ነው። ስድስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይሠራዋል፣ ወሬም አያስቆምም። ለዳሩ 2.5 ኢንች ስፋት ያለው የጨርቅ ቅድ ለሁለት አጥፋችሁ ዙሩበት። ለ48 በ60 ከተለመደው የሱቅ ጥጥ ስድስት ቅድ ይበቃል።

ጀርባው ላይ ጽሑፍ ይሰፋ። የሰፊዎቹ ስም፣ ከተማው፣ ዓመቱ፣ ለማን እንደተሰጠ። ከቻላችሁ ቀሚሶቹ የማን እንደነበሩም ይጻፍ። ይህን ማንም እንዲዘለው አልፈልግም። ልጆቻችን አማርኛ ማንበብ ካልቻሉ በእንግሊዝኛም ድገሙት።

ለሆስፒታል የምትሰጡ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ደውላችሁ መጠኑንና ደንባቸውን ጠይቁ። ስታስረክቡ ደግሞ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ ይሁን። ቤታችን ዕጣኑም ቡናውም አለ፤ ሕፃን ላይ የሚያርፍ ጨርቅ ሊሸት አይገባም።

ለመጀመሪያው ስብሰባ እያንዳንዷ አንድ የታጠበ ልብስ፣ መቀስና መርፌ ይዛ ትምጣ። ካውያ ሁለት ይበቃል። ሁለቱን አንድ ሶኬት ላይ አትሰኩ፣ መብራቱን ይጥለዋል።