«እንዲህ ዓይነት ፊልም አይመቸኝም» ለሚል ሰው ፊልም እንዴት ይመረጣል?

እህቴ ለዓመታት «ሆረር (አስፈሪ ፊልም) አይመቸኝም» እያለች ኖራለች። አንድ ቀን «ለመሆኑ የትኛውን አይተሽ ነው?» አልኳት። ልጅ ሆና ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ገብታ፣ አንድ ሰውዬ በመጋዝ ሲቆራረጥ አይታ እየሮጠች ወጥታለች። በቃ፣ ያ ነው። በአንድ ፊልም ሰበብ የፊልም ዓይነቱን በሙሉ እርግፍ አድርጋ ተወችው። እኔም የካውቦይ ፊልም ማለት ፈረስና አቧራ ነው ብዬ ሃያ ምናምን ዓመት ስለኖርኩ አልፈረድኩባትም።

ከዚያ ወዲህ የቤተሰብና የጓደኛ ፊልም መራጭ ሆኛለሁ። የምነግራችሁም ብዙ ጊዜ ተሳስቼ የደረስኩበትን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የማይመቻችሁ ምኑ እንደሆነ ለዩ። ደሙ ነው? ቀርፋፋነቱ? ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም (ሰብታይትል) ማንበቡ? ወይስ ደክሟችሁ ከሥራ ገብታችሁ ማልቀስ አትፈልጉም? እሱ ከታወቀ ግማሹ ሥራ አለቀ፤ ያ ነገር ያነሰበትን ፊልም ፈልጋችሁ በእሱ ትገባላችሁ።

የእህቴ ጠላት ደም ነበር። ስለዚህ ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 በሠራው «ጃውስ» አስጀመርኳት። ደም የለውም አልልም፣ አለው። ግን የሚያስፈራው እሱ አይደለም። ለቀረጻው የተሠራው ሜካኒካል ሻርክ የባሕር ጨው እየገባበት በየቀኑ ይበላሽ ስለነበር፣ ስፒልበርግ ሻርኩን ሳያሳይ የሚያስፈራበትን ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነበት። ከአንድ ሰዓት በላይ የምታዩት በአብዛኛው ውሃና የሰው ፊት ነው። ሌላውን ሁለት ኖታ እየደጋገመ የሚቀርበው የጆን ዊልያምስ ሙዚቃ ይሠራዋል። ስለዚህ በስልክ ድምፅ ማጉያ እንዳታዩት፤ ጆሮ ማዳመጫ ወይም ደህና ስፒከር ፈልጉ። እህቴ ጨርሳ አየችው። ላንጋኖ ስንሄድ ግን ከጉልበቷ በላይ አልገባችም፣ «ሐይቅ ላይ ምን ሻርክ አለ?» ብላትም አልሰማችኝም።

«አሮጌ ፊልም፣ ያውም ጥቁርና ነጭ!» ለሚል ሰው መድኃኒቱ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ነው፤ ሲድኒ ሉሜት፣ 1957። 96 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር የሚያልቀው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ፍርድ እንዲሰጡ የተጠሩ አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች አባቱን ገድሏል የተባለ ልጅ ላይ መወሰን አለባቸው፣ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል፣ አሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» ሲሉ አንዱ «እስቲ እንነጋገር» ይላል። እኛ እንደሆንን ክርክር እንወዳለን፤ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ቀለም እንደሌለው ትረሱታላችሁ። ስታዩት አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሉሜት ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ ሌንሱን እየቀየረ ካሜራውን ደግሞ ዝቅ እያደረገ ነው የቀረጸው፣ ለዚህ ነው ክፍሉ እየጠበበ የሚመጣባችሁ።

ቤት ውስጥ እናት፣ አያትና ሕፃን ተሰብስበው ከሆነ አትመራመሩ። የቻርሊ ቻፕሊን «ጎልድ ረሽ» ይከፈት። በረሃብ ያበደው ሰውዬ ጫማውን ቀቅሎ፣ ማሰሪያውን እንደ ፓስታ በሹካ እየጠቀለለ ሲበላ አያቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ «ምስኪን» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። (ጫማው የተሠራው ከሊኮሪስ ከረሜላ ነው፤ ይህንን አልነገርኳትም።) ሁለት ዓይነት አለው፤ የ1925ቱ ድምፅ አልባና ቻፕሊን በ1942 ራሱ እየተረከ እንደገና ያወጣው። የመጀመሪያውን ያዙና በመሃል የሚመጡትን ጥቂት ጽሑፎች አንዳችሁ እንደ ቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ በአማርኛ አውሩላቸው።

አሁን ትልቁ ስህተቴ። አንድ ቅዳሜ ማታ አራት ጓደኞቼን እራት አብልቼ የአኪራ ኩሮሳዋን «ሰቨን ሳሙራይ» ከፈትኩላቸው፤ መንደርን ከሽፍታ እንዲከላከሉ ስለተቀጠሩ ሰባት የጃፓን ተዋጊዎች ነው። 1954፣ ጃፓንኛ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ደቂቃ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቱ አንኮራፉ፣ አንዱ ስልኩ ውስጥ ገባ፣ አራተኛው በይሉኝታ ያያል። ጥፋቱ የፊልሙ አልነበረም። የመጨረሻውን ደረጃ መጀመሪያ ላይ ሰጥቼያቸው ነው።

አሁን ብሆን በ«ሾሌ» ነበር የምጀምረው። የሕንድ ፊልም የማያውቅ ሐበሻ የት አለ? 1975፣ አሚታብ ባችቻንና ዳርመንድራ፣ መንደር የሚያሸብር ጋባር ሲንግ የሚባል ሽፍታ፣ እሱን እንዲይዙ የተቀጠሩ ሁለት ሌቦች። ዘፈን አለ፣ ሳቅ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ቢሆንም ማንም ሰዓት አያይም። በሌላ ቀን የሰርጂዮ ሊዮኔን «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» ትከፍታላችሁ፣ 1966። እኔን ከካውቦይ ፊልም ጋር ያስታረቀኝ እሱ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ሰዎች መቃብር መሃል ቆመው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ማንም ቃል አይተነፍስም፣ የኤንዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃ ብቻ ልባችሁን ይዞ ይወጣል። ከእሱ በኋላ ነው ሳሙራዮቹ የሚመጡት። ያኔ «ቆይ፣ ይሄማ ሾሌ ነው!» ትላላችሁ፣ እውነትም «ሾሌ» ከሁለቱም ቀድቷል። ደግሞ የኩሮሳዋ ፊልም በመሃሉ የራሱ እረፍት አለው፤ እዚያ ላይ ቡና ይፈላ።

ሰብታይትል ለሚሰለቸው፣ የኢራኑ «ቺልድረን ኦፍ ሄቨን»፣ 1997፣ ማጂድ ማጂዲ። ወንድም የእህቱን ጫማ ይጥላል፣ ቤት ውስጥ ገንዘብ ስለሌለ አንዱን የሱን ጫማ ተራ በተራ ለብሰው ትምህርት ቤት ይሮጣሉ። ንግግሩ ጥቂት ነው፣ ችግሩን ደግሞ እናውቀዋለን።

የኛዎቹ ላይ ስንመጣ፣ «የሐበሻ ፊልም አላይም» የሚለው ሰው ብዙ ነው። እሱን በቀጥታ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ላይ አትጣሉት። «ጤዛ» (2008) በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የተሸለመ፣ በ2009 ደግሞ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት የወሰደ ሥራ ነው፣ እኔም ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ግን ጊዜው ይዘላል፤ ልጅነት፣ ጀርመን፣ የደርግ አዲስ አበባ፣ ገጠር። መጀመሪያ ሳየው ግራ ገብቶኝ ነበር። በኋላ አንድ ዘዴ አገኘሁ፤ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የአንበርብርን እግር እዩ። ወደ መንደሩ የሚመለሰው አንድ እግሩን አጥቶ ነው፣ ስለዚህ በሁለት እግሩ ደህና ሲራመድ ካያችሁት ትዝታ ውስጥ ናችሁ። ለመጀመሪያ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» (2014) ይሻላል። ታሪኩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ለጋብቻ የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ትገድላለች፣ ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ትቆምላታለች። እውነተኛ ታሪክ ነው። ጠለፋው ከባድ ስለሆነ ከሕፃናት ጋር አትዩት።

ጥቂት የቤት ሕግ ልጨምር። ሠላሳ ደቂቃ ስጡት፣ ካልያዛችሁ ያለ ጸጸት ዝጉት። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። እንግዳ ስትጋብዙ ደግሞ «ቆይ፣ አሁን ይሄን እይ!» አትበሉ፤ እኔ አሁንም አልተሻለኝም፣ እህቴ ትራስ ትወረውርብኛለች።

እሷ ባለፈው ሰሞን ራሷ መጥታ ሌላ ሆረር አምጣ አለችኝ። የሂችኮክን «ሳይኮ» ሰጠኋት፣ 1960። የሻወሩ ትዕይንት ላይ ስትጮህ ጎረቤት መጥቶ አንኳኳ። «ደሙ እኮ ቸኮሌት ሽሮፕ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ነው ደም የመሰለሽ» አልኳት፣ እውነቴን ነው። እስከ ዛሬ ገላዋን የምትታጠበው በሩን ገርበብ አድርጋ ነው።