ዋክስ ከመቀባታችሁ በፊት እጃችሁን ፌስታል ውስጥ ክተቱ

መኪናው ታጥቦ፣ ዋክስም ተቀብቶ ቀለሙ አሁንም ሲዳሰስ ሻካራ፣ ሲታይ ደብዛዛ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከዋክሱ አይደለም። ሳሙና የማያስለቅቀው ቆሻሻ አለ፤ ከፍሬን የሚበተን የብረት ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የአስፋልት ሬንጅ። ዋክሱ እነዚህ ላይ ሲያርፍ በደንብ አይዝም።

መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ኮፈኑን በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። በባዶ እጅ ልስልስ ያለው ቦታ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፌስታሉ ጣት ቀለሙ ላይ ሳይያዝ እንዲንሸራተት ስለሚያደርግ ትንሿ ጉብታ ሁሉ ትታወቃለች። የበሮቹን የታችኛውን ክፍል አትዝለሉ፤ ጎማ የሚረጨው እዚያ ነው።

ሻካራውን ቦታ ማለስለሻ ፈሳሽ እየረጫችሁ በክሌይ ባር (ቆሻሻውን ከቀለሙ ላይ አንስቶ የሚይዝ፣ እንደ ሊጥ የሚለወስ ማጽጃ)፣ ሳትጫኑ፣ በቀጥታ መስመር እሹት። በፌስታሉ ስትዳብሱት ሻካራነቱ ሲጠፋ ዋክሱን ቀቡ፤ ክሌዩ የድሮውንም ዋክስ ስለሚያነሳ ለነገ አይባልም። መሬት የወደቀ ክሌይ ይጣል፤ የያዘው ጠጠር ቀለም ይጭራል።

ባልታጠበ መኪና ላይ ፌስታሉን አትሞክሩት፤ ማት (የማያብረቀርቅ) ቀለም ላይ ደግሞ ክሌይም ዋክስም አይነካም።